ጥር ላይ የሄድንበት ደሴት

አባቴ ባሕር ሳያዩ ስለ ባሕር የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ሐረር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚስሏቸው ደሴቶች በተማሪዎቻቸው ዘንድ ዝና ነበራቸው። እጃቸውን ሳያነሡ በአንድ መስመር ዳርቻውን ያወጡና መሀሉ ላይ አንዲት ዘንባባ ያቆሙበታል። እቤትም ያው ነበሩ። እናቴ ሹሮ ስታቀርብ፣ መሀሉ ላይ የተቀመጠችውን ቃሪያ እያሳዩ «ይኸውላችሁ፣ ደሴት ማለት በዙሪያው ሁሉ በውሃ የተከበበ መሬት ነው» ይሉን ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ እንስቃለን። እናቴ እንጀራውን ታስተካክላለች።

ከተማችን ውሃ የተረፋት አልነበረችም። ቤታችን ከጀጎል ግንብ ፈላና በር ወጣ ብሎ ስለነበረ፣ በየማለዳው ውሃ የተጫኑ አህዮች በደጃችን ሲያልፉ እንሰማለን። እንስራው የነጠፈበት ጎረቤት ነጂውን ከሩቅ ይጣራል። ለእኔ ውሃ ማለት የሚቀዳ፣ የሚገዛ፣ ተቆጥቦ የሚጠጣ ነገር ነበር። ሰው መላ አካሉን የሚያስገባበት ነገር መሆኑን ከአባቴ ትምህርት ሰምቻለሁ እንጂ ልቤ አልተቀበለውም ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እናቴ አባቴን «እርስዎ» ነበር የምትላቸው። በዕድሜ ብዙ ይበልጧታል፤ በዚያ ላይ መምህር ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያልፉ ነጋዴውም ወታደሩም ባርኔጣውን ያነሣላቸዋል። እኛም ልጆቹ ከእሷ ተምረን አባታችንን «እርስዎ»፣ እሷን «አንቺ» እያልን አደግን። እስከዚያ ጉዞ ድረስ ይህ ለምን ሆነ ብዬ አስቤ አላውቅም። ቤታችን ኖራ የተቀባ እንደነበረው ሁሉ፣ ይህም እንዲሁ የነበረ ነገር ነበር።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ጅቡቲ በባቡር ጣቢያው ይሠራ ነበር። ለገና ሊጠይቀን መጣና ምሳ ላይ እንዲህ አለ፦

«ወንድም ጋሼ፣ ስንት ዘመን ሙሉ ባሕር ባሕር ይላሉ። ለምን መጥተው አያዩትም? ቤት አለኝ። ከከተማው ፊት ለፊት ደሴቶች አሉ፤ ጠዋት በጀልባ ሄደው ሲመሽ ይመለሳሉ። ጥር ደግሞ ሙቀቱ ጋብ የሚልበት ጊዜ ነው።»

አባቴ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። «የግማሽ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ እንሄዳለን» አሉ።

«ልጆቹን ይዘዋቸው ይሂዱ» አለች እናቴ። «እኔ ቤት ልጠብቅ።»

«አንቺም ትሄጃለሽ። ባሕር ሳታዪ ልትኖሪ ነው?»

እናቴ አልመለሰችም። አባቴ ያንን ዝምታ እሺታ አድርገው ወሰዱት። ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር የሚወሰነው እንዲያ ነበር።

እናቴ ጀጎል ውስጥ የልብ ወዳጅ ነበረቻት፤ ሰፌድና ሌማት የምትሰፋ ሐረሪ ሴት። ከጉዞው በፊት ልትሰናበታት ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። ሴትዮዋ ስትሰማ እጇን በእጇ መታች።

«ያ አላህ! በዚህ ቀሚስሽ ነው ጅቡቲ የምትወርጂው? ወላሂ ትቀልጫለሽ!»

ከሣጥኗ ስስና ሰፊ የሆነች፣ አበባ የታተመባት፣ ሽቲ የምትባል ቀሚስ አወጣችና እናቴ ትከሻ ላይ ጣለችባት። እናቴ በእንዲህ ያለ ስስ ልብስ ሰው ፊት ወጥታ አታውቅም። «አልለብሰውም» አለች። «ትለብሺዋለሽ፤ ኢንሻአላህ በሰላም ሄደሽ በሰላም ትመለሻለሽ» አለች ወዳጇ፤ አጣጥፋም በጋዜጣ ጠቀለለችላት።

ከሐረር ድሬዳዋ በአውቶቡስ ወረድን። ያኔ ዓለማያ እንለው የነበረው ሐይቅ ጋ ስንደርስ እናቴ «ቦታ ቀይሪኝ» አለችኝና መስኮቱ ዘንድ ተቀመጠች። የተወለደችው በዚያ ሐይቅ ዳር መሆኑን አውቃለሁ። ወላጆቿ ሞተውባት በልጅነቷ ሐረር አክስቷ ዘንድ እንደመጣችም አውቃለሁ። ከዚያ በላይ የነገረችን አልነበረም። አባቴ ወደ ኋላ ዞረው «ይህ ሐይቅ ነው፤ ከባሕር ጋር ምንም አያገናኘውም፤ እንዳትሳሳቱ» አሉን። «እውነትዎን ነው» አለች እናቴ። ዓይኗን ግን ከውሃው አላነሣችም። አውቶቡሱ ሐይቁን አልፎ ሲታጠፍ አንገቷን መልሳ እስከ መጨረሻው አየችው።

ባቡሩ ከድሬዳዋ ማለዳ ተነሥቶ በረሃ ለበረሃ ሲያዘግም ዋለ። አባቴ ለክብራቸው ብለው ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰው ነበር። መጀመሪያ ክራቫቱ ወለቀ። ቀጥሎ ኮቱ፣ ቀጥሎ በውስጡ የነበረው ሹራብ። ጅቡቲ ስንደርስ መምህርነታቸው ሁሉ ከላያቸው ወልቆ፣ በላብ የራሰ ሸሚዝ የለበሱ አንድ መንገደኛ ብቻ ቀርተው ነበር።

አጎታችን ከጣቢያው ተቀብሎን ዕቃችንን እንኳ ሳናስቀምጥ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰደን። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔና ወንድሜ ግራና ቀኝ ቆመን ማብራሪያ ጠበቅን፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ጨው ለምን እንደሆነ፣ ከማዶው ያለው አገር ማን እንደሚባል። ወንድሜ እጃቸውን ሲጎትታቸው ብቻ እንደ ነቃ ሰው ሆነው «ይንቀሳቀሳል» አሉ።

እናቴ ከኋላችን ቆማ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ስባ ነበር። ሽታው አስጠልቷት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጉብኝታችን ተጀመረ። አባቴ ቀኖቹን ሁሉ ከሐረር ሳንወጣ ደልድለው ይዘዋቸው ነበር። በአንዱ ቀን ወደቡን፣ በሌላው ጨው የሚመረትበትን ሜዳና የዓሣውን ገበያ አየን። ሙቀቱ «ጋብ ብሏል» የተባለው ለጅቡቲ ሰዎች ነው እንጂ ለሐረር ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን እናቴ ያንን የተጠቀለለ ጋዜጣ ፈታች። ከጓዳ ስትወጣ ሽቲዋን ለብሳ ነበር። እንደ ልጃገረድ አፍራ ግድግዳውን ታክካ ስትሄድ አባቴ ቀና ብለው አዩዋት።

ከዚያ የደሴቷ ተራ ደረሰ። ባለጀልባው ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ዝም ያለ ሽማግሌ ነበር። ከወደቡ ገና ሳንርቅ አባቴ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። መሀል ስንደርስ ጠዋት የበሉት ሁሉ ወጣ። እናቴ ግንባራቸውን ይዛ፣ አፋቸውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «አይዞዎት፣ ሩቅ ሩቁን ይመልከቱ» ትላቸዋለች። እሷ ጀልባው ሲነሣና ሲወድቅ እቤቷ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ያህል ነበረች። ያኔም ቢሆን አልጠረጠርኩም።

ደሴቷ ዝቅ ያለች ነበረች፤ አሸዋዋ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነበር። በአንድ ጎኗ ሥራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ የተከሉ ዛፎች ቆመዋል። የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ቤት የለበሱ ትንንሽ ሸርጣኖች በእግራችን ሥር ይሸሻሉ። አባቴ መሬት እንደረገጡ ሕመማቸው ለቀቃቸው፤ ልጅም ሆኑ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ከዛፍ ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ዛጎል ይሮጣሉ። «ኑ እዩ! ይህ ድንጋይ ይመስላችኋል? ኮራል ይባላል፤ ሕይወት የነበረው ነው! ስንት ዘመን ለተማሪ አስተምሬዋለሁ፤ በእጄ ይዤው ግን አላውቅም!» አባቴን እንደዚያ ደስ ብሏቸው ያየሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

እናቴ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አሰናድታ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ጫማዋን አወለቀችና እግሮቿን ውሃው ውስጥ ከተተች። አባቴ ከሩቅ አይተው «ተጠንቀቂ! ጥልቅ ሊሆን ይችላል!» ብለው ጮኹ። እናቴ ቀስ ብላ እግሮቿን አወጣች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ወደዚያችው ደሴት ሄድን። አጎታችን ሥራ ላይ ስለነበረ አራታችን ብቻ ነበርን። ባለጀልባው እኛን አውርዶ በደሴቷ ማዶ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ አለን። ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ባለፈው ጊዜ ውሃ የነበረው ቦታ ባዶ ሆኖ ነበር። ራቅ ብሎ የአሸዋ ጉብታ ብቅ ብሏል። በእኛና በእሱ መካከል ቁርጭምጭሚት የማትደርስ ውሃ ብቻ ናት።

አባቴ ሲጠብቁት የነበረው ይህንን ነበር። «ጨረቃ ናት ይህን የምታደርገው» አሉ፤ የወንድሜን እጅ ይዘው መሄድ ጀመሩ። «ጉብታው ላይ ኮከብ የሚመስል ዓሣ አሳየዋለሁ።»

«ውሃው አይመለስም?» አለች እናቴ።

«ይመለሳል። ግን ጊዜውን ይዤዋለሁ» አሉና ሰዓታቸውን መታ መታ አደረጉ።

እኔም ልከተላቸው ተነሥቼ ነበር። እናቴ ግን እጄን ይዛ «አንቺ ከእኔ ጋር ሁኚ» አለችኝ። አኩርፌ ተቀመጥኩ።

ከሩቅ እናያቸዋለን። ጎንበስ ይላሉ፣ አንድ ነገር ያነሣሉ፣ ያወራሉ። አባቴ ማስተማር ከጀመሩ ሰዓት አይቶ ማቆም የሚባል ነገር አያውቁም፤ ደወል ከተደወለ በኋላም ተማሪ ይዘው የሚቆዩ ናቸው። እናቴ ዓይኗን አልነቀለችም። በድንገት ተነሥታ ቆመች። ነጩ አሸዋ ላይ የተውነው የእግራችን ዱካ ጠፍቶ ነበር፤ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ከጎን መጥቶ በእኛና በጉብታው መካከል ሞልቷል።

አባቴም ያኔ አዩት። ወንድሜን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። ትንሽ ሲራመዱ ወገባቸው ደረሰ። ትንሽ ሲጨምሩ አንገታቸው። ተደናገጡና ወደ ኋላ ተመለሱ። ጉብታው ግን እያነሰ ነበር። ወንድሜ ሲያለቅስ ንፋሱ ያመጣልናል። ጀልባ የሚባል የለም። እኔ መጮህ ጀመርኩ፤ ማንን እንደምጠራ እንኳ አላውቅም።

«ዝም በይ» አለችኝ እናቴ። ነጠላዋን ጣለች። የሽቲዋን ጫፍ ሰብስባ ወገቧ ላይ ቋጠረችና ውሃው ውስጥ ገባች። እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ ከዚያ ተዘረጋች። ወደቀች ብዬ ጮኽኩ። አልወደቀችም። እጆቿ አንዱ ካንዱ እየተቀባበሉ ውሃውን ይስባሉ፣ ራሷ ቀና ብሎ ይሄዳል። እናቴ ትዋኛለች። ይህን ቃል ያኔ በአእምሮዬ አገናኝቼ መናገር አልቻልኩም። እናቴ፣ አህያ የጫነውን ውሃ በማንቆርቆሪያ የምታካፍለን እናቴ።

ጉብታው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

«አንተ! ልጁን አውርድልኝ!»

ማንን እንደምትጠራ አልገባኝም። ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ ዙሪያውን አየሁ።

«አንተ! ምን ትመለከተኛለህ? ጀርባዬ ላይ አድርገው!»

አባቴ እንደታዘዙት አደረጉ። «አንገቴን እንዳታንቀኝ፣ ትከሻዬን ያዝ» አለችው ወንድሜን። ይዛው መጣች፤ ወገቤ ድረስ ገብቼ ተቀበልኳት። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ወዲያው ተመለሰች። ያኔ ውሃው አባቴ ደረት ደርሶ ነበር።

«እኔን ተይኝ፤ ጀልባው ይመጣል» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ጀልባው እስኪመጣ አንተ የለህም! ዙር። ጀርባህን ለውሃው ስጥ። ተኛ አልኩህ!»

አባቴ ተኙ። ባርኔጣቸው ከራሳቸው ተነሥታ ለብቻዋ ሄደች። እናቴ አንድ እጇን አገጫቸው ሥር አድርጋ በሌላው እጇ እየቀዘፈች፣ አንዳንዴ እሳቸው ሲንፈራገጡ «አትታገል! እኔ ይዤሃለሁ!» እያለች፣ ቀስ በቀስ አመጣቻቸው። የመጨረሻዋን ትንሽ መንገድ ውሃው በጎን እየገፋቸው ከእኛ ርቀው ወጡ። ወንድሜን እየጎተትኩ በአሸዋው ላይ ሮጥኩ።

አባቴ በእጃቸውና በጉልበታቸው ቆመው የጠጡትን ጨው ውሃ አስመለሱ። እናቴ አጠገባቸው ተንጋላ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ ሰማይ ታያለች። ፀጉሯ ተፈቷል። ሽቲዋ ገላዋ ላይ ተለጥፏል። ማንም ነጠላ ያቀበላት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

«መዋኘት… ታውቂያለሽ?» አሉ አባቴ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ። ዓለማያ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ያኔ ነው ያስተዋለችው። ብድግ ብላ ተቀመጠች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይቅር ይበሉኝ» አለች። «አንተ አልኩዎት። ልጆቹ ፊት።»

አባቴ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ዘወትር የሚያደርጉት መነጽርም ባሕር ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ዓይናቸው ባዶውን ሌላ ሰው ያስመስላቸው ነበር። ሊቆጡ ነው ብዬ ፈራሁ።

«እርስዎ፣ እባክዎን፣ ቢፈቅዱልኝ ስትይ ብትቆዪ ኖሮ» አሉ፣ «እስካሁን ሰምጬ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ነች። ከዚያ እሳቸው። ከዚያ ወንድሜ፣ ምን እንደሚያስቅ ሳያውቅ። እኔ ግን አለቀስኩ።

ጀልባው እስኪመጣ ጥላው ሥር ተቀምጠን እናቴ ነገረችን። ታላቅ ወንድሟ ሐይቁ ዳር ቄጠማ ሲያጭድ ትከተለው ነበር። የታሰረ ቄጠማ ደረቷ ሥር አድርጎ ወደ ውሃው ገፋት፤ ከዚያ አንድ ቀን ሳይነግራት ቄጠማውን ከሥሯ ሳበው። የገበሬ ልጆች ሴት ወንድ ሳይባል ፀሐይ ስትበርድ ልብሳቸውን እንደለበሱ ይገቡ ነበር። እናቷ በአለንጋ ታባርራታለች፤ እሷ ትመለሳለች። ሐረር ስትመጣ ይህን ለአክስቷ በኩራት አወራች። አክስቷም «እንደ ጉማሬ ውሃ የምትገባ ልጃገረድ ማን ያገባታል? ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳይወጣ» አለቻት። ከአፏም አልወጣም። ከዚያ ተዳረች፤ ከዚያ እኛ ተወለድን።

«ወንድምሽስ?» አልኳት። ስለ እሱም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«በጠላት ጊዜ ከቤት ወጣ። አልተመለሰም» አለች፤ በዚሁ አቆመች።

ያን ዕለት ማታ አባቴ እራት ላይ ብዙም አልተናገሩም። አጎታችን ታሪኩን ከወንድሜ አፍ ሰምቶ «እትዬ! እርስዎ?» እያለ ሲገረም፣ አባቴ ዓይናቸውን ከሳህኑ አላነሡም። ለሞት መቅረባቸው ያስደነገጣቸው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን የከነከናቸው ሌላ ነገር ይመስለኛል። አጠገባቸው ስትኖር የነበረችውን ሴት እንደ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ዳርቻዋን ብቻ እንደሚያውቁ ገባቸው። በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ቁርስ ስናደርግ እንዲህ ብለው ጠየቋት፦

«ሌላስ? ሌላ እኔ የማላውቀው አለ?»

እናቴ ጥያቄውን በቁም ነገር ያዘችው። ዳቦዋን አኝካ ጨረሰች። «በቅሎ ያለ ኮርቻ እጋልባለሁ» አለች። «የኦሮሞ የሠርግ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አውቃለሁ። ደግሞ…» ትንሽ አመነታች። «ሹሮዬን ባሕር ስታደርገው ደስ አይለኝም። ይቀዘቅዛል።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬስ የት እንሂድ?» አሉ። «አንቺ ንገሪን።»

እንዲህ ብለው ሲጠይቋት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። እናቴ ወደ ደሴቷ መመለስ ፈለገች። አባቴ ፊታቸው ገረጣ፤ ግን መጡ። ባለጀልባው አብሮን እንዲቆይ አጎታችን ለምኖት ነበር። ዛፎቹ ውሃ ውስጥ ከቆሙበት ጎን ጸጥ ያለ ቦታ አለ፤ እናቴ እዚያ ይዛኝ ገባች። በጀርባዬ አስተኝታኝ መዳፏን ከሥሬ አደረገች። እኔ አንገቴን አድርቄ፣ እግሬን እየወረወርኩ፣ ጨው ውሃ እየጠጣሁ አስቸገርኳት።

«ውሃው ጠላትሽ አይደለም» አለችኝ። «ክብደትሽን ስጪው። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ቀስ በቀስ አንገቴ ላላ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገባና የዓለሙ ድምፅ ሁሉ ጠፋ፤ የራሴን ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። መዳፏ መቼ ከሥሬ እንደወጣ አላውቅም። ቀና ስል አባቴ ዳርቻው ላይ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ የእናቴን ጫማ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። አሸዋ ላይ ማስቀመጥ ሲችሉ እስክንወጣ ድረስ ይዘውት ቆሙ።

ሐረር ከተመለስን በኋላ ነገሩ ቀላል አልሆነም። በባሕሩ ዳርቻ የተነገረ ነገር ከተማ ሲገባ ይከብዳል። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ዓረፍተ ነገሩን በ«አንተ» ጀምራ በ«እርስዎ» ትጨርሰው ነበር፤ «አንተ፣ ምሳ ቀርቧል፣ ይብሉ» ትላለች፤ እኔና ወንድሜ ሳቃችንን ለመያዝ እንታገላለን። እንግዳ ሲኖር «እርስዎ»፣ ቤተሰብ ብቻ ሲሆን «አንተ» እየሆነ መጣ። ጀጎል ያለችው ወዳጇ ታሪኩን ስትሰማ «ማሻአላህ! ሽቲዬ ባልሽን አዳነች» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

የአባቴ እኅት ግን አልሳቀችም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሳይታሰብ ገባችና እናቴ ከጓዳ «ቁልፉን የት አኖርከው?» ስትል ሰማች። 

«ወንድሜን ነው እንዲህ የምትይው?» አለች። «መምህሩን? ነገ ልጆቹስ ምን ሊሉት ነው?»

አባቴ ጋዜጣቸውን አጠፉ። «እኔ ነኝ የፈቀድኩላት» አሉ፤ ረጋ ብለው፣ ለሚስታቸው ለመሟገት።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። እጇ ላይ ሊጥ ነበር።

«ፈቅደህ አይደለም» አለች። «ሰምጠህ ነው።»

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ እስከ ፋሲካም ቤታችን አልመጣችም። አባቴ «እውነት ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ በኋላ «ፈቀድኩ» የሚለውን ቃል ስለ እናቴ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘሁት አንድ ተማሪያቸው ደግሞ፣ ስለ ባሕር መሙላትና መጉደል ሲያስተምሩ የጨረቃዋን ነገር አስረድተው ሲያበቁ «የቀረውን ባለቤቴ ከእኔ በተሻለ ታስረዳችሁ ነበር» ይሉ እንደነበር ነገረኝ። ተማሪዎቹ ቀልድ ይመስላቸው ነበር።

ወደ ባሕሩ አልተመለስንም። አጎታችን ሥራ ለውጦ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኛም አደግን፤ አባቴም ልባቸው ደከመ። ከአብዮቱ በፊት በነበረው ዓመት ታመው ሳምንታት አልጋ ላይ ዋሉ። እኔ ያኔ አግብቼ ነበር፤ በየቀኑ እየመጣሁ እናቴን አግዛታለሁ። ከቀናቱ በአንዱ፣ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታ፣ እናቴ የሾርባውን ሳህን ይዛ ገባች።

«ይነሡ እንጂ፣ ትንሽ ይቅመሱ» አለቻቸው።

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። በክፍሉ ውስጥ እንግዳ እንዳለ ለማየት አንገታቸውን አዞሩ። እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«ምን አጠፉ?»

«ይኸው! ‹እርስዎ› አልሽኝ። ምን አድርጌሽ ነው?» ድምፃቸው ውስጥ እውነተኛ ቅሬታ ነበር። ለዚያ ሁሉ ዘመን እንደ ክብር ይቀበሉት የነበረው ቃል፣ አሁን በር እንደ መዝጋት ሆኖ ተሰምቷቸዋል።

እናቴ ሳህኑን አስቀመጠች። ሳታስበው እንዳለችው ፊቷ ይናገር ነበር፤ የታመመ ሰው ያስፈራል፣ ፍርሃት ደግሞ ሰውን ወደ ድሮ አንደበቱ ይመልሳል። ከዚያ ግን ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ ብቅ አለ።

«አንተማ አርጅተሃል» አለች። «ለሽማግሌ የሚባል ነው።»

«ሽማግሌ ማን ነው?» አሉ አባቴ፤ ለቀናት ያልቻሉትን በክርናቸው ተደግፈው ቀና ለማለት እየታገሉ። «ነይ ደግፊኝማ። ሾርባውንም ወዲህ በይው።»